ኃጢአት ሁሉ ወንጀል ነውን?



በአንድ የገጠር ቁምስና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተዘጋጀ የጥናት ቀን ስለ ዐሥርቱ ትእዛዛት ስንወያይ ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ቀረቡልኝ። በመጀመሪያ የተነሣው ወጣት መምህር፣ «አባ፣ በውጭ አገሮች ሕግ የሚፈቅደውን ነገር እኛ ኃጢአት ነው ብለን ስናስተምር ልጆቹ አይቀበሉንም። መንግሥት የማይቀጣውን እግዚአብሔር ስለምን ይቀጣል ይሉናል» አለኝ። እርሱ ገና ሳይቀመጥ በዕድሜ የገፉት ባልደረባው ተነሡና፣ «የእኔ ጥያቄ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ነገር ኃጢአት መሆኑ ከታወቀ መንግሥት ስለምን ዝም ይላል? እግዚአብሔር የጠላውን ሁሉ ሕግ ሊቀጣው አይገባምን?» አሉ።

ተሰብሳቢው ሁለቱ የተከራከሩ መስሎት ሣቀ። እኔም በዕለቱ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ መልስ ሰጥቼ አለፍሁ። ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ግን ሁለቱ ሰዎች በመሠረቱ የተስማሙ መሆናቸውን ተረዳሁ። ሁለቱም ኃጢአትንና ወንጀልን አንድ አድርገው ይቈጥራሉ። አንደኛው ወንጀል ያልሆነ ነገር ኃጢአት አይሆንም ወደሚል ሐሳብ ሲገፋ፣ ሌላኛው ኃጢአት የሆነ ሁሉ ወንጀል ይሁን ይላሉ። ይህ ጽሑፍ በዚያን ቀን ሳልከፍል የቀረሁት ዕዳ ነው።

ይህ መደባለቅ በአገራችን አያስደንቅም። አባቶቻችን በመንገድ ላይ የሚጣላውን ሰው «በሕግ አምላክ!» ብለው ሲያቆሙት የሕግን ስም ከአምላክ ስም ጋር አጣምረው ነበር። ይህ ታላቅ ቅርስ ነው፤ ሕግ ከገዢዎች ፈቃድ በላይ ምንጭ እንዳለው ያስተምራልና። ሆኖም ፍትሐ ነገሥት እንኳ መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ሥርዐት በአንድ መጽሐፍ ቢያኖራቸውም በሁለት ክፍል ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው አይደሉም።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከምንመረምረው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ብናየው ይቀለናል። ስለዚህ የአየርላንዱን ሴናተር የዴቪድ ኖሪስን ታሪክ መርጫለሁ። አየርላንድ ካህናቷና ደናግሏ ወደ አገራችን መጥተው ያስተማሩና ሕሙማንን ያከሙ፣ ለብዙ ዘመን ከካቶሊካውያን አገሮች ሁሉ ጽኑ ተብላ የምትጠቀስ አገር ናት። በ1981 በተደረገው ቈጠራ ከመቶው ሕዝብ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ካቶሊክ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ በእርሷ ላይ የደረሰው እኛንም ሊያስተምረን ይችላል።

ከታሪኩ በፊት ስለ ስሙ

ሴናተር ኖሪስ ለተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ዝንባሌ ሳይሸሽጉ በአደባባይ የተናገሩ ሰው ናቸው። በአማርኛችን እንዲህ ላለው ሰው የሚሰጠው የተለመደ ስም ከሰዶም ከተማ የተወሰደ ነው። ስሙ ሰውየውን ገና ሳናውቀው በእሳት ከጠፋች ከተማ ሕዝብ ጋር ይደምረዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን (16፥49) የሰዶምን በደል ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድኾችን እጅ አለማበርታትን ያስቀድማል። በዚህ መለኪያ የሰዶም ልጆች በየሰፈራችን ጥቂቶች አይደሉም።

ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ዝንባሌን ከድርጊት ለይታ ትናገራለች። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 2357–2359) ድርጊቱ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር እንደማይስማማ ያስተምራል፤ ይህ ትምህርት አልተለወጠም። በዚያው ስፍራ ግን ዝንባሌው ያለባቸው ሰዎች በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ ሊቀበሏቸው እንደሚገባ፣ ፍትሕ የጐደለው መድልዎም ሁሉ ሊወገድላቸው እንደሚገባ ያዝዛል፤ እነርሱንም እንደ እያንዳንዳችን ወደ ንጽሕና ይጠራል። ከዚህ ከአንዱ ግማሹን ብቻ ይዞ የሚያስተምር መምህር የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አስተማረ አይባልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የስድብ ስም አልጠቀምም፤ ሰውየውንም በሥራቸው ማዕርግ እጠራለሁ።

የሴናተሩ ሕይወት

ዴቪድ ኖሪስ በ1944 በዚያን ጊዜ የቤልጅየም ቅኝ ግዛት በነበረችው ኮንጎ፣ ዛሬ ኪንሻሳ በምትባለው ከተማ ተወለዱ። አባታቸው እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ እናታቸው አየርላንዳዊት ነበሩ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው ያደጉት በደብሊን በእናታቸው ዘመዶች መካከል ነው። በዚያው ከተማ በትሪኒቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፤ እዚያው መምህር ሆነው የደብሊኑን ደራሲ የጄምስ ጆይስን ሥራዎች በማስተማር ታወቁ። በሃይማኖት የአየርላንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንጂ ካቶሊክ አልነበሩም።

በወጣትነታቸው ዝንባሌያቸውን ባወቁ ጊዜ ስለ ደረሰባቸው ነገር በፍርድ ቤት መዝገብ የተጻፈ ቃል አለ። ጥልቅ የሆነ ሐዘንና ብቸኝነት ተሰምቷቸው ነበር። በ1969 በከባድ የጭንቀት ሕመም ወድቀው ለስድስት ወር ያህል የአእምሮ ሐኪም ሲረዳቸው ቈየ። ሐኪሙም እንዲህ ካለው ጭንቀት ለመዳን ከፈለጉ ሕጉ ወደ ላላበት አገር ሄደው እንዲኖሩ መከራቸው። ስደትን እንደ መድኃኒት ያዘዘላቸው ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? አየርላንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ ብትወጣም በእንግሊዝ ፓርላማ የወጡትን የ1861 እና የ1885 ሕጎች ወርሳ ይዛ ነበር። የመጀመሪያው እስከ ዕድሜ ልክ እሥራት፣ ሁለተኛው እስከ ሁለት ዓመት እሥራት ያስፈርዳሉ። ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች በስውር በፈቃዳቸው ስላደረጉት ነገር ግን በተግባር ክስ አይቀርብም ነበር። ሕጉ እንደ ተመዘዘና እንደማይሰነዘር ሰይፍ በሰዎች ራስ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ።

ኖሪስ ስደትን አልመረጡም። በ1970ዎቹ ዓመታት ሕጉ እንዲሻር ከሚጥሩ ሰዎች ጋር ማኅበር መሠረቱ፤ በ1977ም መንግሥትን ከሰሱ። ከጠበቆቻቸው አንዷ በኋላ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር የሆኑት ሜሪ ሮቢንሰን ነበሩ። በ1980 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ። ሚያዝያ 22 ቀን 1983 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሦስት ዳኞች ድምፅ በሁለቱ ላይ ይግባኙን አልተቀበለም። ዋናው ዳኛ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በቅድስት ሥላሴ ስም የሚጀምር የክርስቲያን ሕዝብ ሕገ መንግሥት መሆኑና ክርስትና ድርጊቱን ሲያወግዝ መኖሩ ይገኙበታል። እነሆ የአረጋዊው መምህር ጥያቄ በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጦ እናየዋለን፤ ኃጢአት ነውና ወንጀል ይሁን።

ኖሪስ ጉዳያቸውን ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱ። ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 26 ቀን 1988 በስምንት ድምፅ በስድስት ላይ ሕጉ የሰውን የግል ሕይወት መብት እንደሚጥስ ፈረደ። መንግሥቱ ሕጉን ሳይሠራበት በቈየበት ዘመን የሕዝቡ ግብረ ገብ ስለ መጐዳቱ ማስረጃ እንዳልቀረበም አመለከተ። ከዚህ በፊት፣ በ1987፣ ኖሪስ ከብዙ ሙከራ በኋላ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ወኪል ሆነው ወደ ሴኔት፣ በእኛ አነጋገር ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ገብተው ነበር። ዝንባሌያቸውን ሳይሸሽጉ በአየርላንድ ለሕዝብ ሥልጣን የተመረጡ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው። በ1993 ሕጉ ሲሻር በሴኔቱ ተቀምጠው የክርክሩ ተካፋይ ሆኑ፤ አዋጁንም ሐምሌ 7 ቀን የፈረሙት የቀድሞ ጠበቃቸው ርእሰ ብሔር ሮቢንሰን ነበሩ። ኖሪስ እስከ ጥር 2024 ድረስ ለ36 ዓመታት በሴኔት አገለገሉ። ሳይቋረጥ በዚያ ወንበር የእርሳቸውን ያህል የቈየ ሌላ ሴናተር የለም።

ዳኛውና ካህኑ

በዚያ በ1885 ሕግ ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል ዝናው እስከ ዛሬ ያልጠፋው ደራሲው ኦስካር ዋይልድ ነው። እርሱም የደብሊን ልጅ፣ የትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። በ1895 በሎንዶን ሁለት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት። ከእሥር ሲወጣ ጤናው ተናግቶ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ስሙ ጠፍቶ ነበር። በኅዳር ወር 1900 በፓሪስ በአንድ ርካሽ ሆቴል ሊሞት ሲያጣጥር አንድ ወዳጁ ካህን ፍለጋ ሮጠ፤ የሕማማተ ክርስቶስ ማኅበር አባል የሆኑትን የደብሊን ተወላጅ አባ ከትበርት ደንን ይዞ መጣ። አባ ከትበርት የሚሞተውን ሰው በቅድመ ሁኔታ አጠመቁት፤ ምሥጢረ ቀንዲልም ፈጸሙለት። በማግሥቱ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እቅፍ ዐረፈ።

እስቲ ዳኛውንና ካህኑን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም የገጠማቸው አንድ ሰው ነው። ዳኛው የሚያየው የተመሰከረውን ድርጊት ነው፤ ካህኑ ልብን ከሚመረምረው ጌታ ፊት ይቆማል። ዳኛው የሕዝቡን ሰላም ይጠብቃል፤ ካህኑ የአንዲት ነፍስን መዳን ይሻል። የዳኛው መሣሪያ ማስገደድ ነው። ካህኑ ግን ማስገደድ አይችልም፤ በግድ የተገኘ ንስሐ ንስሐ አይደለምና። የእሥር ቤቱ ሁለት ዓመት ዋይልድን ሰበረው። እርሱ በመጨረሻ የፈለገው ግን የነፍስ አባትን ነው፤ የነፍስ አባት ሆኖ የመጣለትም በእጁ ሰንሰለት ያልያዘ ሰው ነበር። ያ ካህን የመንግሥት መርማሪ ጭምር ቢሆን ኖሮ ማን ያስጠራው ነበር?

የእኛ ሕዝብ ይህን ልዩነት በቃሉ ጠብቆታል። ዳኛን «የነፍስ አባቴ» ብሎ የሚጠራ የለም፤ የነፍስ አባቱንም «ይፈረድልኝ» ብሎ የሚከስስበት የለም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ምን አሉ?

ይህ ሐሳብ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው ምእት ዓመት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ የሰው ሕግ ክፉ ልማዶችን ሁሉ መከልከል ይገባዋልን? መልሱ አይገባውም የሚል ነው። ሕግ የሚወጣው ለብዙ ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም የሚበዛው በምግባር ያልጸና ነው። ስለዚህ ሕግ የሚከለክለው ከባድ የሆኑትን፣ በተለይም ሌላውን ሰው የሚጐዱትንና ሳይከለከሉ ቢቀሩ ኅብረተሰብ ሊቆም የማይችልባቸውን፣ እንደ ነፍስ መግደልና እንደ ስርቆት ያሉትን ነው። በደካማ ላይ የማይችለውን ሸክም የጫነ ሕግ ሰውን ወደ ባሰ ክፋት ይገፋዋል ይላል። ቅዱስ ቶማስ ስለ አየርላንድ ሕግ አልጻፈም፤ ድርጊቱንም ኃጢአት አይደለም አላለም። ነገር ግን የሰጠን መለኪያ ለሁሉም ጉዳይ ያገለግላል።

በዚህ መለኪያ መሠረት የሠሩ ካቶሊካውያን ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሕግ የሚመረምር ኮሚቴ በሎርድ ዎልፈንደን ሊቀ መንበርነት ባቋቋመ ጊዜ፣ የዌስትሚንስተሩ ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ ካርዲናል ግሪፊን የካቶሊካውያን አማካሪዎች ጉባኤ ሰየሙ። ያም ጉባኤ በ1956 ባቀረበው ሐሳብ ድርጊቱ ኃጢአት መሆኑን አጽንቶ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች በስውርና በፈቃዳቸው የሚያደርጉት ነገር ግን በወንጀል ሕግ እንዳይቀጣ መከረ። የአየርላንድ ጳጳሳትም በ1973 ስለ ወሊድ መከላከያ በተነሣው ክርክር፣ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት የምትለውን ሁሉ መንግሥት ይከልክል ብላ እንደማታውቅ በግልጽ አስታውቀው ነበር። ቅድስት መንበር በታኅሣሥ 2008 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት መንግሥታት በእነዚህ ሰዎች ላይ ያለውን የወንጀል ቅጣት እንዲያስወግዱ ጠየቀች። ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በጥር 2023 በሰጡት ቃለ ምልልስ እንዲህ ሆኖ መገኘት ወንጀል አለመሆኑን ተናግረው፣ ኃጢአትንና ወንጀልን እንድንለይ አሳስበዋል፤ እርስ በርስ ፍቅር ማጣትም ኃጢአት እንደሆነ ጨምረው አስታውሰውናል።

የመጨረሻውን ቃላቸውን ቀለል አድርገን አንለፈው። በመስከረም 1982 በደብሊን በአንድ መናፈሻ ውስጥ አምስት ወጣቶች አንድን የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የዚህ ዝንባሌ ሰው ነው ብለው ደብድበው ገደሉት። በ1983 ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ቢባሉም እሥራቱ ታግዶላቸው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖሪስ ላይ የፈረደው። ገዳዮቹን ሕጉ ላካቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በስውር ማንንም ያልደበደበ ሰው በሕግ መጽሐፍ የዕድሜ ልክ እሥራት ተጽፎበት ሳለ፣ ሰው የገደሉ በነጻ ሲሄዱ ያየ ሕዝብ ስለ ሰው ነፍስ ዋጋ ምን ይማራል?

ሌላኛው ስሕተት

እስካሁን የተናገርሁት ለወጣቱ መምህር የተመቸ ሊመስል ይችላል። አሁን ደግሞ በኃጢአትና በወንጀል መካከል ያለው ድንበር ከወዲያ በኩልም ሊፈርስ እንደሚችል እንመልከት።

በ2011 ሴናተር ኖሪስ ለርእሰ ብሔርነት ለመወዳደር ተነሡ፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያም ቀዳሚ ሆነው ነበር። በዚያን ጊዜ በ1990ዎቹ ዓመታት የጻፉት ደብዳቤ ወጣ። የቀድሞ ወዳጃቸው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅን በመድፈር በእስራኤል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ በተባለ ጊዜ፣ በሴኔቱ ወረቀት ጽፈው ቅጣቱ እንዲቀልለት ለምነው ነበር። ነሐሴ 2 ቀን ከውድድሩ ወጡ። በኋላ ተመልሰው ቢገቡም በጥቅምቱ ምርጫ አምስተኛ ሆኑ።

ለወዳጅ መማለድ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የተጐዳው ልጅ ተረስቶ ነበር። የሕፃን መደፈር በካህኑ ፊት ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፤ ቅዱስ ቶማስ ሌላውን የሚጐዳ ካለው ወገን ነው። እዚህ ላይ ሕግ ሊጠነክር ይገባዋል፤ ወዳጅነትም፣ የሹመት ማዕርግም እንቅፋት ሊሆኑበት አይገባም።

ይህን በሴናተሩ ላይ የምጽፍ ካህን ግን ስለ ራሴ ወገን ዝም ልል አልችልም። በ2009 በአየርላንድ ሁለት የምርመራ ጽሑፎች ታተሙ። አንደኛው በገዳማውያን ማኅበራት ይተዳደሩ በነበሩ የሕፃናት ማሳደጊያዎች፣ ሁለተኛው በደብሊን ሀገረ ስብከት የተፈጸመውን የሕፃናት ጥቃት መረመሩ። የተገለጠው ነገር ልብ የሚሰብር ነው። ልጆችን የደፈሩ ካህናት ለፖሊስ ሳይነገር ከቁምስና ወደ ቁምስና ይዛወሩ ነበር። አለቆቻቸው ጉዳዩን እንደ ኃጢአት ብቻ ቈጠሩት፤ ምክርና ጸሎት፣ ሕክምናና ዝውውር የሚበቃው አድርገው አዩት። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በመጋቢት 2010 ለአየርላንድ ካቶሊካውያን በጻፉት መልእክት ሐዘናቸውንና እፍረታቸውን ገለጡ፤ ጥፋተኞቹም በእግዚአብሔር ፊትና በሕግ ፊት መልስ እንዲሰጡ አሳሰቡ።

እንግዲህ በአንዲት አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለቱ ስሕተቶች ጎን ለጎን ኖሩ። ዐዋቂዎች በስውር ያደረጉት ኃጢአት ወንጀል ተብሎ በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ፣ በሕፃናት ላይ የተፈጸመው ወንጀል ኃጢአት ብቻ ተብሎ በመሳቢያ ተቈለፈ። የዳኛና የካህን ሥራ ሲደባለቅ ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ ደካማው ነው።

ሕጉ በወደቀ ጊዜ

ሕጉ በ1993 ተሻረ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 22 ቀን 2015፣ የአየርላንድ ሕዝብ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች እንዲጋቡ በ62 ከመቶ ድምፅ ፈቀደ፤ ይህን በሕዝበ ውሳኔ ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ሴናተር ኖሪስ ደጋፊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አልተስማማችም፤ አትስማማምም። ቅጣትን ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ኪዳን መሆኑን መለወጥ ሌላ ነገር ነው።

የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ዲያርሙይድ ማርቲን ከውጤቱ በኋላ ሕዝቡን አልወቀሱም። ቤተ ክርስቲያን እውነታውን ማየት እንዳለባትና ከወጣቶቹ ተለይታ ርቃ እንደ ሆነ ራሷን መመርመር እንደሚገባት ተናገሩ። «አዎን» ብለው ድምፅ ከሰጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ለዓመታት በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ናቸውና።

እኔ ከዚህ የምማረው ይህን ነው። ለአንድ ምእት ዓመት ያህል ሕጉ እንደ ምርኵዝ ሲያገለግል፣ መንገዱን በራሱ እግር የሚሄድ ኅሊና ማሳደግ ተዘነጋ። ሰው «ይህን አታድርግ» ሲባል ስለምን እንደማያደርገው ሳይሆን ቢያደርገው ማን እንደሚይዘው ተማረ። ምርኵዙ ሲወሰድ ሕግ ከፈቀደው ምን ክፋት አለው የሚለው የወጣቱ መምህር ተማሪዎች ጥያቄ በሚሊዮኖች አፍ ተነገረ። እንግዲህ የአረጋዊው ጥያቄ የወጣቱን ጥያቄ ይወልዳል። ኃጢአትን ሁሉ ወንጀል እናድርግ ያለ ትውልድ፣ ወንጀል ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት አይደለም የሚል ትውልድ ያሳድጋል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ድርጊት በእሥራት ይቀጣል። ይህን ሕግ መተርጐም የዳኞች፣ ማጽናትም ሆነ ማሻሻል የሕግ አውጪዎች ድርሻ ነው፤ የእኔና የእናንተ ሥራ በትምህርት ክፍሉ ነው። ስለዚህ በትምህርት ክፍል የሚያስፈልገንን ብቻ ልናገር።

ልጆቹ «መንግሥት ካልቀጣው ኃጢአት ነውን?» ሲሏችሁ፣ ሐሜትን፣ ምቀኝነትን፣ ወላጅን መናቅንና የጎረቤትን ረኃብ አይቶ ማለፍን የሚቀጣ ፖሊስ አይተው እንደ ሆነ ጠይቋቸው። እነዚህን ማንም አያስርባቸውም፤ ጌታችን ግን በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ስለ እነዚህ እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነግሮናል። አረጋውያኑ «ኃጢአት ከሆነ ስለምን አይቀጣም?» ሲሏችሁም፣ ኃጢአታቸው ሁሉ በፍርድ ቤት ቢነበብ ከመካከላችን ማን በነጻ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ በትሕትና ጠይቋቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ድንጋይ ይዘው የመጡት ሰዎች ሕጉን በትክክል ጠቅሰው ነበር። ጌታ የሴቲቱን ኃጢአት ኃጢአት አይደለም አላለም፤ ዳግመኛ እንዳትበድል አዘዛት። ነገር ግን ይህን ትእዛዝ የሰጣት ድንጋዮቹ መሬት ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። ድንጋይ በእጁ የያዘ ሰው ንስሐን ሊሰብክ አይችልም።

ምናልባት በክፍላችሁ ውስጥ ዝንባሌውን ለማንም ሳይናገር እንደ ወጣቱ ኖሪስ በብቸኝነት የሚጨነቅ ልጅ ተቀምጦ ይሆናል። ሲሰድቡና ሲያፌዙ ይሰማል። እናንተ ደግሞ ምን እንደምትሉ ይጠብቃል። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ሳትሸራርፉ ንገሩት፤ የንጽሕና ጥሪ ለእርሱም ለእናንተም መሆኑን ንገሩት። ግን በችግሩ ቀን የሚሮጥበት ደጅ እንዲኖረው አድርጋችሁ ንገሩት። የሴናተሩ ሐኪም አገርህን ትተህ ሂድ አላቸው። ከእኛ አንደበት ማንም ልጅ ቤተ ክርስቲያንህን ትተህ ሂድ የሚል ቃል ሰምቶ አይውጣ።

የኃጢአተኛውን ሞት ሳይሆን መመለሱን የሚወድ አምላክ፣ እውነትን ያለ ጭካኔ፣ ምሕረትንም ያለ ሐሰት የምናስተምርበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።